ቆልፈን የምናስቀምጠው መነጽር

ከአራት ኪሎ ተነስቶ በእግሩ ወደ ፒያሳ የሚያቀና ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያዳርሳቸው በሚችላቸው ቦታዎች ላይ የከተማዋ የዕውቀትና የሳይንስ ማሳያዎች ተቀራርበው ተሠርተዋል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከወዳጅነት ፓርክ አጠገብ የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ከሁሉም ቀድመው የነበሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎና የአምስት ኪሎ ግቢዎች በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። በመሀል ከተማዋ በሚካሄዱ ዐውደ ርእዮች፣ የተማሪዎች ፕሮጀክት ማሳያዎችና ባዛሮች ላይ ደግሞ የቪአር መነጽር፣ ማለትም ፊት ላይ ተደርጎ ተመልካቹን በኮምፒውተር በተሠራ ዓለም ውስጥ የሚያስገባው መሣሪያ፣ ብርቅ መሆኑ እየቀረ ነው። መነጽሩ መጥቷል፤ እንደልብ የመነካካት ፈቃድ ግን አብሮት አልመጣም። እንዲህ ያለ ገና መልኩ ያልለየ ቴክኖሎጂ በእጅ የሚገባው በጨዋታና በሙከራ ነው፤ ጨዋታ የሚኖረውም ዕቃው ቢበላሽ ማን ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ሲያገኝ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይኸው ነው።

ከእነዚህ ዐውደ ርእዮች በአንዱ ላይ ቆም ብዬ ሰልፉን ስመለከት አብዛኛው ሰው መነጽሩ እንደተደረገለት እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ደርቆ ይቆም ነበር። አስተናጋጁ ወጣት በየጥቂት ደቂቃው «ጨርሰዋል፣ እናመሰግናለን» እያለ መነጽሩን ከአንዱ ፊት አውልቆ ለሌላው ያደርጋል። ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ተማሪ ተራዋ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። እሷ የምታየው በጎን በቆመው ስክሪን ላይ ይታይ ስለነበር ሁላችንም ተከታተልነው፤ በክፍሉ መሀል የተቀመጠውን ጠረጴዛ ከላይ ማየቱ ስላልበቃት ቁጢጥ ብላ ሥሩን ለማየት ሞከረች፣ ቀጥላም ጭንቅላቷን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ግድግዳውን ልታልፍ ፈለገች። አስተናጋጁ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ «ተነሺ እንጂ፣ የሚታየው ፊት ለፊት ነው» አላት፤ ከኋላዋ የተሰለፉትም ሳቁ። በዚያ ሰዓት እዚያ ከነበርነው ሰዎች መካከል ስለ መሣሪያው አንድ ቁም ነገር ለማወቅ የቀረበችው እሷ ብቻ ነበረች ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይጠቅማል። የአንድ አዋቂ ሰው የሁለቱ ዓይን ብሌኖች በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ ግራና ቀኝ ዓይናችን አንድን ዕቃ በትንሹ ከተለያየ አቅጣጫ ያዩታል፤ አእምሮም ከዚህ ልዩነት ተነስቶ ርቀትን ይገምታል። የቪአር መነጽር ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ምስል በማሳየት ይህንኑ ግምት ያስቀሰቅሳል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ነገሩን በመስተዋቶች በተሠራ መሣሪያ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1838 በመሆኑ በዚህ በኩል እምብዛም አዲስ ነገር የለም። ዋናው ለውጥ መሣሪያው የጭንቅላትን እንቅስቃሴ ተከትሎ ምስሉን ወዲያው መቀየሩ ነው። ርካሹ ዓይነት የሚከታተለው የጭንቅላትን መዞር ብቻ ስለሆነ ሰው ቁጢጥ ሲል ጠረጴዛውም አብሮት ይወርዳል፤ የተሻለው ዓይነት ግን በላዩ በተገጠሙ ካሜራዎች ክፍሉን እየቃኘ የሰውየውን ቦታ ጭምር ስለሚያውቅ ጎንበስ ያለ ሰው የጠረጴዛውን ሥር ያያል። ይህን ልዩነት ከሽያጭ ወረቀት ላይ አንብቦ የሚረዳ ሰው ጥቂት ነው። ቁጢጥ ያለ ሰው ግን በሁለት ሰከንድ ያውቀዋል። ለቢሮው ወይም ለትምህርት ቤቱ መነጽር እንዲገዛ የተመደበ ኮሚቴም ጨረታ ከማውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ቁጢጥ ቢል ብዙ ገንዘብ ይተርፈው ነበር።

የቴክኖሎጂው ታሪክም ቢሆን መድረሻቸውን አስቀድመው ባወቁ ሰዎች አልተሠራም። አሜሪካዊው ኢቫን ሰዘርላንድ ከተማሪዎቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 ይፋ ያደረገው ጭንቅላት ላይ የሚደረግ ማሳያ ከጣሪያ ላይ መንጠልጠል ነበረበት፤ ለተመልካቹ ያሳይ የነበረውም በቀጫጭን መስመሮች የተሣለ ኪዩብን የመሰለ ቀላል ቅርጽ ነበር። ይህ ለምን ይጠቅማል ተብሎ በዚያን ጊዜ ቢጠየቅ የሚያጠግብ መልስ ማግኘት ባስቸገረ። ቴክኖሎጂው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስሙ ገንኖ በ1990ዎቹ ከተረሳ በኋላ እንደገና እንዲነሳ ምክንያት የሆነው ፓልመር ለኪ፣ አሮጌ መነጽሮችን እየሰበሰበ በወላጆቹ ጋራዥ ውስጥ የሚፈታና የሚገጥም፣ ገና 20 ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በኢንተርኔት ከሕዝብ ባሰባሰበው 2.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተጠናከረው ኦኩለስ የተባለው ኩባንያው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በፌስቡክ ተገዛ። የገንዘቡ መጠን ዓይን ስለሚስብ አብዛኛው ሰው ታሪኩን ከዚያ ይጀምራል፤ እኔ ግን የበለጠ የሚያስቀናኝ ጋራዡ ነው።

ጨዋታ ሲባል ቧልት ብቻ የሚመስላቸው አንባቢዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ሃንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመሩት ሥራ በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማን ቁስላቸው በሚታጠብበት ጊዜ በቪአር የበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየተጓዙ የበረዶ ኳስ እንዲወረውሩ የሚያደርግ ነበር። የቁስል እጥበት ሕመም በጠንካራ መድኃኒት እንኳ ሙሉ በሙሉ የማይበርድ ሲሆን፣ ሕሙማኑ በጨዋታው ላይ በነበሩበት ጊዜ የተሰማቸው ሕመም መቀነሱን ተናግረዋል፤ ትኩረት ውስን ነው፣ አእምሮ በረዶውን ሲከታተል ለሕመሙ የሚተርፈው ትኩረት ያንሳል የሚል ማብራሪያም ተሰጥቶበታል። ሁለተኛው በዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት ነው። በሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ላይ በቪአር ማስመሰያ የተለማመዱ ሐኪሞች በተለመደው መንገድ ብቻ ከሠለጠኑት 29 በመቶ ፈጥነው ሲሠሩ ስሕተታቸውም በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር። ጥናቱ 16 ሐኪሞችን ብቻ የያዘ በመሆኑ ከሚገባው በላይ ባያስጮኸንም፣ በሽተኛ ሳይጎዳ ደጋግሞ መሳሳት የሚቻልበት ቦታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። የማስመሰያ ልምምድ ትልቁ ጥቅም ስሕተትን ርካሽ ማድረጉ ነው፤ ይህንንም የሕክምና ተማሪዎቻችን በጥቁር አንበሳ ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ከማንም በላይ የሚረዱት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ገንዘብ ነው፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለገበያ የቀረበው የሜታ ኩባንያ (የቀድሞው ፌስቡክ) ርካሹ መነጽር ኩዌስት 3ኤስ በአሜሪካ 299 ዶላር፣ በዚያው ዓመት የወጣው የአፕል ቪዥን ፕሮ ደግሞ 3,499 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ርካሹ እንኳ ትራንስፖርትና ቀረጥ ሳይጨመርበት የአንድ ጀማሪ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ይሆናል። የዘይትና የቤት ኪራይ ጉዳይ ባልተፈታበት ከተማ ስለ ቪአር መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ነገር ግን ከዚሁ ቁጥር ሌላም ትምህርት ይገኛል። ሜታ ቪአርንና ተዛማጅ ምርቶችን በሚሠራው ዘርፉ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሥራ ኪሳራ አስመዝግቧል። ያን ያህል ገንዘብና ያን ያህል መሐንዲስ ያለው ድርጅት ሰዎች መነጽሩን በየቀኑ ፊታቸው ላይ የሚያደርጉበትን ምክንያት ገና እየፈለገ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ የአምስት ዓመት ስትራቴጂ አውጥቶ፣ መነጽር በጅምላ ገዝቶ፣ ለየትምህርት ቤቱ ማከፋፈል የችኮላ ሥራ ነው። በሌላ በኩል ተጠናቆ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅም ሌሎች የወሰኑትን መቀበል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በትንሽ ገንዘብ፣ በጥቂት ዕቃ፣ ብዙ ነገር መሞከር ሲሆን እሱም ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ በርካሽ ይጀመራል።

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቀው ካርድቦርድ የተባለው መነጽር የታጠፈ ካርቶን፣ ሁለት ሌንስና የተጠቃሚው የራሱ ስልክ ብቻ ነበር። ኩባንያው እስከ 2019 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ካሠራጨ በኋላ በ2021 ሽያጩን ቢያቆምም ንድፉና ሶፍትዌሩ ለማንም ክፍት ናቸው። የመጀመሪያው ንድፍ የሚፈልገው የትኩረት ርቀታቸው 45 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ትናንሽ ሌንሶችን ነው፤ ሌንሱ ባይገኝ እንኳ ስልክ የሚገባባቸው ርካሽ የፕላስቲክ መነጽሮች ስላሉ እነሱን ፈትቶ መጠቀም ይቻላል። ካርቶኑን ከጫማ ሣጥን በምላጭ መቁረጥ ይበቃል።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ካፌ ውስጥ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚህ መልክ የሠሩትን መነጽር ሲሞክሩ የማየት ዕድል ነበረኝ። በመጀመሪያው ስልክ ምስሉ አልንቀሳቀስ አለ፤ ጭንቅላታቸውን ወደየትም ቢያዞሩ የሚታየው ያው አንድ ሕንፃ ነው። ምክንያቱ ሶፍትዌሩ እንዳልነበረ የደረሱበት የሁለተኛዋን ተማሪ ስልክ ሲያስገቡ ነው። በገበያችን በብዛት ከሚሸጡት ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ መዞርን የሚለካው ጋይሮስኮፕ የተባለው ሴንሰር የላቸውም፤ ያለ እሱ ደግሞ ስልኩ የባለቤቱ ጭንቅላት ወዴት እንደዞረ በወጉ አያውቅም። ሁለተኛው ስልክ ምስሉን አንቀሳቀሰው፣ ሆኖም ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ታየ፤ ስልኩ ከሣጥኑ መሀል ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ስለተቀመጠ የግራውና የቀኙ ምስል ከሌንሶቹ ጋር አልተገጣጠሙም ነበር። ሦስተኛው ልጅ የማኪያቶውን ደረሰኝ አጣጥፎ ከስልኩ ግርጌ ሲሸጉጥበት ሁለቱ ምስሎች ገጠሙ፤ መነጽሩም ወዲያው ከእጅ ወደ እጅ፣ ቀጥሎም ወደ አስተናጋጇ ተሸጋገረ። እኔ ከጎን ሆኜ ያስተዋልኩት ልጆቹ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለ ሴንሰር፣ ስለ ሌንስና ስለ ሁለት ዓይን እይታ የተማሩትን ነው፤ ይህንንም ማንም አላስተማራቸውም፣ ፈተናም አልተቀመጡበትም።

በሶፍትዌር በኩል ነገሩ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሞዚላ የወጣው ኤ-ፍሬም የተባለው ነፃ መሣሪያ ዌብሳይት ለመሥራት የሚያገለግለውን ኤችቲኤምኤል የቀመሰ ሰው በጥቂት መስመር ሳጥን፣ ኳስና ሰማይ ያለበት ዓለም እንዲሠራና በማንኛውም ስልክ ብራውዘር እንዲከፍተው ያስችላል። ብሌንደር የተባለው የሦስት አውታር መሣያ ፕሮግራምም እንዲሁ በነፃ ይገኛል። የቀረው የኢንተርኔት ፓኬጅና የመብራት ጉዳይ ነው፤ እሱን አንባቢ ያውቀዋል።

ምን እንሥራበት የሚለው ጥያቄ ላይ መሀል አዲስ አበባ ከሌሎች ከተሞች የተሻለ ጥሬ ዕቃ አላት። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች በልማት ምክንያት ፈርሰዋል፤ በውሳኔው ላይ ሰው የተለያየ አቋም ቢኖረውም፣ ሰገነቶቹ፣ የእንጨት ደረጃዎቹና የጋራ ግቢዎቹ ከመፍረሳቸው በፊት በሦስት አውታር ተመዝግበው ቢሆን ኖሮ ለሁሉም ወገን በጠቀመ ነበር። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በቃጠሎ ሲጎዳም ተመሳሳይ ቁጭት ተሰምቶ ነበር። ሥራው የማይቻል እንዳልሆነ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር በመሰነድ አሳይቷል። ሌዘር ስካነር ውድ ነው፤ ፎቶግራሜትሪ የሚባለው ዘዴ ግን አንድን ነገር ከብዙ አቅጣጫ በስልክ ፎቶ አንስቶ ኮምፒውተሩ ከፎቶዎቹ ቅርጹን እንዲያወጣ ማድረግ ነው።

ይህን ዘዴ ለመልመድ መመሪያ ከማንበብ ይልቅ አንድ የመንገድ ዳር ሐውልት ወይም አንድ የድንጋይ አጥር መርጦ መዞር ይሻላል። ተከታታይ ፎቶዎች ከግማሽ በላይ፣ ጥሩ የሚባለው ከ60 እስከ 80 በመቶ፣ መደራረብ እንዳለባቸው የሚገባው ሰው ያነሳው ሐውልት ጀርባው ጎድሎ ሲመጣ ነው። መስታወትና የሚያብለጨልጭ ነገር ቅርጹን ያበላሻል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተበጣጥሶ ይወጣል፤ የጠዋት ፀሐይ የጣለው ጥላ በግድግዳው ላይ እንደ ቀለም ተለጥፎ ይቀራል፣ ስለዚህ ደመናማ የክረምት ቀን ከጥር ፀሐይ ይመረጣል። አሮጌ የድንጋይ ግንብ በአንጻሩ መልኩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እጅግ አምሮ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ በጨዋታ የተካነ የወጣቶች ቡድን በሰፈሩ ካለ፣ አንድ ቤት ነገ ይፈርሳል የተባለ ዕለት ምን ማድረግ እንዳለበት ለማጥናት ጊዜ አያጠፋም። ነዋሪዎችን ማስፈቀድ ግን ከፎቶው ይቀድማል፤ የሰው ጓዳ ቤቱ ሊፈርስ ነው ተብሎ የአደባባይ አይሆንም።

መሞከር ሲባል ደግሞ ሰውነትን አለማስታወስ አይደለም። ዓይን እየተጓዝን ነው ሲል የውስጠኛው ጆሮ የሚዛን ክፍል ግን ቆመናል ካለ ብዙ ሰው ያቅለሸልሸዋል፤ ባለሙያዎች ከጭንቅላት እንቅስቃሴ እስከ ምስሉ መለወጥ ያለው መዘግየት ከ20 ሚሊ ሰከንድ በታች እንዲሆን የሚደክሙትም በከፊል ለዚሁ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ተቀምጦ መጀመር፣ በአጭሩ መሞከር፣ ማቅለሽለሽ እንደተሰማ «ትንሽ ልቻለው» ሳይሉ ማውለቅ። ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የሚጋራው መነጽር ፊት የሚነካበት ስፖንጅ ካልተጸዳ የዓይን ሕመም ያስተላልፋል፣ ይህን ደግሞ በየባዛሩ የሚያስታውስ ሰው ብዙም አላየሁም። ለእኛ ከተማ የተለየ ማስጠንቀቂያም አለ። የመነጽሩ ሌንሶች የፀሐይ ብርሃንን ሰብስበው ውስጥ ያለውን ስክሪን ሊያቃጥሉት ስለሚችሉ ሌንሱ ወደ ውጭ ዞሮ መስኮት ላይ ከተቀመጠ የአዲስ አበባ ቀትር በደቂቃዎች ውስጥ የማይጠፋ ጠባሳ ሊተውበት ይችላል።

ስለ መረጃ ደግሞ ትንሽ ረዘም አድርጎ መነጋገር ያስፈልጋል። መነጽሩ የሚሠራው እንቅስቃሴያችንን በመለካት ስለሆነ መለካቱን አጥፉት ማለት አይቻልም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት 511 ሰዎች የ360 ዲግሪ ቪዲዮ ሲመለከቱ ከተወሰደ፣ ለአንድ ሰው ከ5 ደቂቃ ካነሰ የእንቅስቃሴ መረጃ ብቻ ተነስቶ ኮምፒውተር 95 በመቶ በሚሆን ትክክለኛነት ማን ማን እንደሆነ ለይቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተመሩ ተመራማሪዎች ከ55,000 በላይ የአንድ የቪአር የሙዚቃ ጨዋታ ተጫዋቾችን መረጃ ወስደው በ100 ሰከንድ እንቅስቃሴ ከ94 በመቶ በላይ የሚሆኑትን መለየት ችለዋል። ስም ባይሰጡ፣ ፊት ባይታይ፣ የእጅ አወራወርና የአንገት አዟዟር እንደ አሻራ ያገለግላል ማለት ነው።

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ስለዚህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በየባዛሩ በአንድ ሰው የግል አካውንት በተከፈተ መነጽር ተራ በተራ የሚሞክሩ ልጆች መረጃቸው በማን ስም፣ የት አገር ባለ ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥ ወላጆቻቸውም ሆኑ አስተናጋጁ ሲጠይቁ አይሰማም። ሜታ ራሱ ልጆች ከወላጅ ቁጥጥር ጋር አካውንት የሚከፍቱበትን ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ13 ወደ 10 አውርዷል። በዚህም ላይ የጨዋታ መንፈስ ጥሩ መከላከያ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ። በራሱ ኮድ ትንሽ የቪአር ዓለም ሠርቶ የጓደኛውን የእጅ እንቅስቃሴ በቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ሲወርድ ያየ ልጅ፣ ኩባንያው ምን እንደሚያይ ለመረዳት ጠበቃ አያስፈልገውም። ስምምነት የሚጠይቀውን ረጅም ጽሑፍ ሳያነብ «እሺ» የሚለውን መጫኑ ባይቀር እንኳ ምን ላይ እሺ እንዳለ ያውቃል።

እንዲህ ላለው ነገር ቦታው የት ነው? አዲስ ነገር በመሀል ከተማዋ መጀመሪያ የሚለመደው ከታሰበለት ቦታ ውጭ ነው። በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረውን ቀደምት ሲኒማ ቤት የከተማው ሰው «ሰይጣን ቤት» ይለው ነበር፤ በኋላ ግን የፒያሳ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ለመግባት የሚጋፋውም ያው የከተማው ሰው ሆነ። ዛሬ ያንን ሥራ የሚሠሩት በየሰፈሩ ያሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ናቸው። ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች መሸሸጊያ፣ አልፎም የቁማር መንደርደሪያ ይሆናሉ የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው፤ አልሸፋፍነውም። ነገር ግን ከቴክኖሎጂ ጋር ያላቸው ግንኙነት ከብዙ ቤተ ሙከራዎቻችን ጤናማ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ የማያውቅ ከሚያውቅ አጠገብ ተቀምጦ ያያል፣ ጆይስቲክ ሲላላ ባለቤቱ በር ላይ ተቀምጦ በስክሩ ድራይቨር ፈትቶ ያስተካክለዋል፤ የሚሰበረው ዕቃ ዋጋም ከመነሻው በደቂቃ ሒሳቡ ውስጥ ተካትቷል። ማንም ልጅ «እንዳትነካ» አይባልም፤ ሊነካ ነው የከፈለው።

በመንግሥት ተቋማት ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ በቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ለአንድ ሠራተኛ ይሰጣል፤ ከዚያች ፊርማ በኋላ መነጽሩ ቢሰበር ወይም አንድ መቆጣጠሪያው ቢጠፋ ደመወዙ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ታዲያ ይህ ሠራተኛ መነጽሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ቢያወጣው ማን ይፈርድበታል? አስተዋይነት እንጂ ስንፍና አይደለም። በየመድረኩ ስለ ወጣቱ የፈጠራ መንፈስ የሚነገረው ንግግር ለዚህ ሠራተኛ ምንም አይጨምርለትም። መነጽሩ በቁም ሣጥን ውስጥ ወራት ከቆየ በኋላ ለጉብኝት ሲወጣ ሶፍትዌሩ አርጅቶ፣ ኢንተርኔት ካልተገናኘ አልሠራም ብሎ፣ ጎብኚዎቹ ፊት ቆሞ ሲያሳፍር ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ይመስላል።

የሚስተካከለውም በዚሁ በንብረት አያያዙ በኩል ነው። ለሥልጠናና ለሙከራ የሚገዛ መሣሪያ ሲታዘዝ በግዥ ዕቅዱ ላይ የመለዋወጫ፣ የጥገናና የመተኪያ ገንዘብ አብሮ መያዝ አለበት፤ ኃላፊነቱም በአንድ ግለሰብ ጫንቃ ላይ ከመውደቅ ይልቅ በክፍሉ ስም ሆኖ፣ በአግባቡ ሲሠራበት ለተበላሸ ዕቃ ማን ፈርሞ እንደሚያወርደው በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል። ሦስት መነጽር የሚገዛ ኮሌጅ ወይም ቤተ መጻሕፍት ሁለቱን ለተጠቃሚ አውጥቶ፣ ሦስተኛውን ከመጀመሪያውኑ ተማሪዎች እንዲፈቱትና እንዲገጥሙት ብሎ ቢመዘግበው ወጪው ከአንድ ዐውደ ጥናት የሻይና የአበል ወጪ አይበልጥም። የፈቱት ሁሉ ተመልሶ ላይገጥም ይችላል። ለዚያም ቢሆን ቅጹ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይበቃል።